ድጋፉ የሚነሳበት ጊዜ

አንድ ዘርጋው የሚባል የግንባታ ፎርማን ነበረ። ወንድሙ ከሞተበት በኋላ ድብርት ያዘውና ሥራውን ትቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለወራት ተኛ። አንዲት ሐኪም የድብርት መድኃኒት አዘዘችለት። እየዋለ እያደረ ቀለለውና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሠራተኞቹን መቆጣትም ጀመረ። ሚስቱ ወይንእሸት ቁጣውን በስልክ ስትሰማ "ተመስገን፣ ዳነልኝ" አለች።

አንድ እሑድ የሚስቱ ወንድም ለምሳ መጥቶ ክኒኑን ሲውጥ አየው። "ይህን ሁሉ ፎቅ የምታቆም ሰውዬ፣ አንተ ራስህ አሁንም በክኒን ነው የምትቆመው?" ብሎ ሳቀ። ነገሩ ቀልድ ነበር። ዘርጋውን ግን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። እንግዳው ሲሄድ የቀረውን ክኒን በሙሉ ሽንት ቤት ከተተው።

ሳምንት ሳይሞላ ምድር ትዞርበት ጀመር። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ጭንቅላቱ ኤሌክትሪክ እንደነካው ይነዝረዋል። እንቅልፉ ቅዠት ብቻ ሆነ፤ በትንሽ በትልቁ ይጮኻል፣ መልሶ ያለቅሳል።

"ለዶክተሯ ንገራት እንጂ" ብላ ወይንእሸት ለመነችው።

"ምን ብዬ? እችለዋለሁ አልኩሽ!" አላት። በልቡ ግን "ለካ አልዳንኩም" የሚል ፍርሃት ገብቶበት ነበር።

በዚያው ሰሞን የሚሠሩት ሕንፃ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ተሞልቶ ከሥሩ በባሕር ዛፍ እንጨቶች ተደግፏል። ዘርጋው አንድ ጠዋት ሲደርስ አናጢው መዶሻውን ይዞ ድጋፎቹን ከዳር እስከ ዳር ሊያረግፋቸው ተሰናድቷል።

"ተው! ማን ንቀል አለህ?"

"ደርቋል እኮ ጋሼ፣ አያዩትም? እንጨቱን ለላይኛው ፎቅ እንፈልገዋለን።"

"መድረቁን ማን ካደ? ሸክሙን በአንዴ ከጣልክበት ግን ይሰነጠቃል። መጀመሪያ መሐንዲሱን ጠይቅ። ከዚያ ከመሃል ጀምረህ እያየህ ጥቂት ጥቂት አላላ። ሲጎብጥ ካየህ መልሰህ ደግፍ። መልሰህ ብትደግፍ ማን ይስቅብሃል?"

ይህን ብሎ ከአናጢው ዞር አለ። የገዛ ቃሉ ያዘው። አናጢው የባሰ የተቆጣ መስሎት ይቅርታ ሲጠይቀው፣ እሱ ስልኩን አውጥቶ ለሐኪሟ ደወለና ክኒኑን መጣሉንና የሚሰማውን ሁሉ ነገራት።

"ሕመሙ ተመልሶ ላይሆን ይችላል" አለችው። "በድንገት ሲያቆሙት እንዲህ ያደርጋል። ዛሬውኑ ይምጡ። መልሰን እንጀምርና ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ሲከብድዎ እዚያው እንቆማለን።"

"ወራትም ይፍጅ፣ እጨርሰዋለሁ" አላት።

ቀላል አልነበረም። መጠኑ በተቀነሰ ሰሞን ራሱን ሲያዞረው መሰላል አይወጣም፤ ለወይንእሸትም "ዛሬ ከብዶኛል" ይላታል፣ እሷም ቢነጫነጭ አትቀየመውም። አንድ ጊዜማ ሐኪሟ ወደ ቀድሞው መጠን መለሰችው። ተናደደ፣ ግን አላቋረጠም። ሰውነቱ ሲረጋጋ እንደገና ቀነሰ። መድኃኒቱን ጨርሶ ያቆመ ዕለት ድግስ አልደገሰም፤ በማለዳ ተነስቶ ሥራው ሄደ።

ቁርጠኝነት ጥርስን ነክሶ ድጋፍን በአንድ ቀን መጣል የሚመስለን ብዙ ነን። ዘርጋው ግን የቆረጠው ስልኩን ባነሳ ዕለት ነው። መድኃኒቱ ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው ሰውም አለ፤ ከማንም አያንስም። ማቆም የሚሻ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ፣ ቤተሰቡ እያወቀ፣ ቀስ ብሎ ያቁም። እናንተስ፣ ብቻችሁን እየታገላችሁት ያለውን ነገር እስካሁን ለማን ነገራችሁ?