ለምለሙን የነቀለ አትክልተኛ

አንድ ቢተው የሚባል ገበሬ፣ የደጋ መሬቱ ለወንድማማቾች ተሸንሽኖ ተሸንሽኖ እርሻ መሆኑ ሲቀር፣ ሚስቱን ማንጠግቦሽን ይዞ በትልቅ ወንዝ ዳር ወዳለ ቆላ ወረደ። የአገሩ ሽማግሌዎች ከወንዙ አጠገብ ቁራሽ መሬት ሰጡት። ቃላቸው ግን ቁርጥ ነበር፦ «ካለማኸው ያንተ ነው። ሁለት በልግ አይተን ፍሬ ካልሰጠ ለሌላ እንሰጠዋለን።»

ቢተው በስንፍና የሚታማ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት በአገሩ እንደለመደው ዝናብ ጠብቆ ቲማቲም ዘራ፤ እንደለመደውም አጠጋግቶ ዘራ። በደጋ ነፋሱና ውርጩ ብርቱ ነውና ተክል ከተክል ተጠጋግቶ ይከላከላል። በቆላ ግን ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ አየሩ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ይተናል። እርስ በርሱ የተቃቀፈው ተክል እርጥብ እንደሆነ ዋለ፣ እርጥብ እንደሆነ አደረ፤ ከዚያም ሻጋታ ገባበት። ፍሬው ሳይቀላ ማሳው ጠቆረ።

በሁለተኛው ዓመት ቢተውን እልህ ያዘው። የጎረቤቱን የእማማ ድንቄን ጓሮ እያየ፣ ያልገባውን እየጠየቀ ሠራ። ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አደረገ። ፍሬው ዶፉ ሳይበረታ እንዲደርስ፣ ዝናብ ሳይጠብቅ በበጋው መጨረሻ ከወንዙ እየቀዳ ዘራ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ሳያርስ ሥሩን ብቻ አጠጣ፤ ፀሐይ አፈሩን እንዳትጠብሰውም ደረቅ ሣር ጎዘጎዘበት። እንደለመደው አጠጋግቶ ዘርቶት ነበርና መደቡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አረንጓዴ ለበሰ። ቢተው ከዳር ቆሞ ባየው ቁጥር ደረቱ ይነፋ ነበር።

አንድ ቀን እማማ ድንቄ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና መደቡን ተመለከቱ።

«እንዴት ነው እማማ? ዘንድሮስ አላፈርኩም» አላቸው።

«ያምራል። አሁን ግማሹን ንቀል።»

ቢተው ሳቀ። «ይቀልዱብኛል! አንድም አረም የለበትም እኮ።»

«አረም መች አልኩህ? ቲማቲሙን ነው።»

«እንግዲያው ቀጫጫ ቀጫጫውን ልልቀመው።»

«ቀጫጫውንማ ዶሮም ትነቅለዋለች» አሉ አሮጊቷ። «እኔ የምልህ፣ ሁለት ወፋፍራም ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱን ነው። በመሐላቸው ነፋስ ካልገባ፣ ዝናቡ ሲመጣ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ አንተም ተከትለሃቸው ትሄዳለህ፣ ልጄ።»

ያን ዕለት ቢተው መደቡን ሲዞር ዋለ። አሮጊቷ ልክ እንደሆኑ ልቡ ያውቃል፤ እጁ ግን እምቢ አለ። የታመመውን መንቀል ማንም ይችላል፤ ይህ ምን አጠፋ? ውሃ ተሸክሞ ያሳደገው፣ ግንዱ የደነደነ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ችግኝ ነው። በማግሥቱ ጥርሱን ነክሶ ወደ መደቡ ወረደና የመጀመሪያውን ከሥሩ መዘዘው።

ማንጠግቦሽ እንስራዋን አውርዳ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ ደህና አድረህ ምን ለከፈህ?»

«ምንም አልለከፈኝ።»

«ታዲያ ይኼ ይነቀላል? እየው እስቲ ሲያምር!»

«ስለሚያምር ነው የከበደኝ። ነይ፣ አንቺ በወዲያ በኩል ጀምሪ።»

«እኔ? እጄን ይቁረጠው!»

ጥቂት ቆማ ስታየው ግን ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አስተዋለች። እሷም በወዲያ በኩል መንቀል ጀመረች። በመንገድ የሚያልፉት ሰዎች ተሳለቁ፦ «ደገኛው ዘንድሮ ሻጋታ አልጠብቅም ብሎ ራሱ ጨረሰው!» ቢተው ቀና ብሎም አላያቸው። ሲጨርሱ መደቡ እንደተላጨ ራስ ገጦ ታየ።

ዝናቡ ካሰቡት ቀድሞ ወረደ። ባባራ ቁጥር ቢተው እየሮጠ ቅጠል ይገለብጥ ነበር። ሻጋታው አልቀረም፤ ከዳር ያሉትን ጥቂት ተክሎች ያዘ። ወደ ቀሪዎቹ ግን አልተሻገረም፤ ከወንዙ የሚነሣው ነፋስ በመሐል እየገባ ቅጠሉን ያደርቀዋልና። የተረፉትም በተለቀቀላቸው ስፍራ ቅርንጫፋቸውን ዘረጉ። ፍሬው ቀላ።

ሽማግሌዎቹ ማሳውን ዞረው አዩ። አንዱም፣ «ያን ጊዜ ስትነቅል አይቼህ፣ ‹ይህ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ነው› ብዬ ነበር» አሉት።

«ላለመሄድ ነበር፣ አባቴ» አለ ቢተው። መሬቱም ጸናለት።

መጥፎ ነገርን ከሕይወታችን ነቅሎ ለመጣል መካሪም አይጠፋ፣ ጉልበትም አይጎድል። ብዙዎቻችንን የሚያፍነን ግን መልካም የሆነው ሁሉ ነው፦ ሁሉንም ሥራ እሺ ማለታችን፣ ለሁሉም ወዳጅ ቃል መግባታችን፣ የጀመርነውን ሁሉ ማቀፋችን። ቁርጠኝነት ደክሞ መትከል ብቻ አይደለም፤ ደክመው የተከሉትን ለምለም ነገር፣ ሌላው እንዲተነፍስ ብሎ መንቀልም ነው። ውድ አንባቢ፣ እርስዎስ ዛሬ በእጅዎ ካሉት መልካም ነገሮች የትኛውን ይተዋሉ?