ሞላ ያጣው ጠመንጃ

ነገር ከነገር ይመዘዛል፤ ይህኛው የተመዘዘው ከአንዲት ሞላ ነው። ከክብሪት እንጨት አትረዝምም። ሥራዋ ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ወደ ኋላ መያዝ ነው።

ምልምል ወታደሯ ትርንጎ ወደ ማሠልጠኛው መሣሪያ ጠጋኝ፣ ወደ ሃምሳ አለቃ ዋቅቶላ፣ ያረጀ ጠመንጃዋን ይዛ እየሳቀች መጣች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ሽማግሌ ከእኔ ይቸኩላል። ሳቀባብል፣ ቃታውን ሳልነካው ይተኩሳል!»

«ሞላው ደክሟል፤ አዲስ አገባልሻለሁ። እስከዚያው አፈሙዙን ከሰው አርቂ፣ ልጄ።»

ንብረት ክፍል ሄደ። «ሞላ ስጠኝ፤ ያለ ሞላ ጠመንጃው አይታመንም።»

«ሻምበሉ ሳይፈርሙ ሞላ የለም» አለ ንብረት ያዡ።

ሻምበሉ ዘንድ ሄደ። «ይፈርሙልኝ፤ ካልፈረሙ ንብረት ያዡ ሞላ አይሰጥም፤ ያለ ሞላ ጠመንጃው አይታመንም።»

«የመሣሪያ መርማሪው ‹አርጅቷል› ብሎ ሳይጽፍ አልፈርምም።»

መርማሪው ዘንድ ሄደ። «ጻፍልኝ፤ ካልጻፍክ ሻምበሉ አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ንብረት ያዡ ሞላ አይሰጥም፤ ያለ ሞላ ጠመንጃው አይታመንም።»

«ጠመንጃው እኔ ዘንድ ሦስት ቀን ሳያድር አልጽፍም።»

አሠልጣኙ ዘንድ ሄደ። «ጠመንጃውን ልቀቅልኝ፤ ካልለቀቅክ መርማሪው አይጽፍም፤ ካልጻፈ ሻምበሉ አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ንብረት ያዡ ሞላ አይሰጥም፤ ያለ ሞላ ጠመንጃው አይታመንም።»

አሠልጣኙ ሳቀበት። «በየማለዳው ሰውና ጠመንጃ እኩል ተቆጥሮ ነው የምንወጣው። አንድ ቢጎድል አንተ ልትጠየቅልኝ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ሲተኩስ ኖሮ ዛሬ ምን ነካው? ሥልጠናው ሲያልቅ ውሰደው።»

በአምስተኛው ቀን ትርንጎ ከረጅም ሩጫ በኋላ ተንበርክካ አቀባበለች። ከፊቷ ጓደኞቿ ስለነበሩ አፈሙዙን ከእነሱ አርቃ ወደ ራሷ፣ ወደ ታች አዞረችው። ቃታውን አልነካችም። ጥይቱ ጭኗን መታት፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች።

ያን ጊዜ አሠልጣኙ ጠመንጃውን ለቀቀ። አሠልጣኙ ቢለቅ መርማሪው ጻፈ፤ ሦስት ቀን አላሳደረም። መርማሪው ቢጽፍ ሻምበሉ ፈረሙ። ሻምበሉ ቢፈርሙ ንብረት ያዡ ሞላ ሰጠ። ሁሉም በአርባ ደቂቃ አለቀ።

ንብረት ያዡ ቀና ሳይል ሁለት ሞላ ዘረጋለት። «አንዱ መጠባበቂያ ይሁንህ፣ ወንድሜ።»

ሃምሳ አለቃ ዋቅቶላ አንዱን ወሰደ። ለመግጠም አራት ደቂቃ ፈጀበት። አሥር ጊዜ አቀባበለ፤ አሥር ጊዜ መርፌው በቦታው ቆመ። መዝገቡ ላይ «ይሠራል» ብሎ ጻፈ። የተረካቢው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተወው።