አያ ዳለቻ ማመስኳት ያቆመ ዕለት

ቁጭ በሉ እስቲ፣ እኔም ልቀመጥ። እግሬ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ጠዋት «ሲስተር፣ የምጦራቸው ሽማግሌ ቀን ቀን ይተኛሉ፣ ምን መድኃኒት ልስጣቸው?» ያለችኝ ማን ነበረች? አንቺ ነሽ፣ ስንዱ? በይ አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌና አሮጊት ሳነሳ ሳስተኛ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት አቅም የለኝም። ተረት ግን አለችኝ። እሷም እንደ እኔ ደክሟታል፣ ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። «ትምጣ» በሉኝ።

ትምጣ? እሺ፣ መጣች።

ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ በነበረው፣ እንጨቱም መልስ በሚሰጥበት ዘመን፣ አያ ዳለቻ የሚባል በሬ ነበረ። አሥራ አራት ዓመት አረሰ። ጉልበቱ አለቀ፣ ጥርሱም ተበልቶ አለቀ። በጋው ሲገባ ሣር ጠፋና ከብቶቹ ሁሉ ለግጦሽ ወደ ቆላ ሊወርዱ ተነሱ። አያ ዳለቻ ግን መንገዱን አይችለውም።

«ማን አብሮት ይቅር?» ተባባሉ።

ላሟ «እኔ ጥጃ አለኝ» አለች። ወይፈኑ «እኔ ገና ልጅ ነኝ» አለ። ፍየሏ «እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ያመኛል» አለች።

«እኔ እቀራለሁ» አለች እመት አህያ።

ምክንያት ነበራት። ውርንጭላ ሳለች እናቷን ጅብ በልቶባታል። ያው ጅብ እሷን ሊጨምር ተመልሶ ሲመጣ፣ ቀንዱን ደቅኖ በረቱ በር ላይ የቆመው አያ ዳለቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ እሱ ሆነ። «ዝናብ ጥሎ ስትመለሱ በሕይወት ታገኟቸዋላችሁ» ብላ ቃል ገባች።

ከብቶቹ ሄዱ። በበረቱ ውስጥ ሽማግሌው በሬ፣ አህያዋና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌ ቀንበር ብቻ ቀሩ። ያ ቀንበር አሥራ አራቱን ዓመት ሙሉ ከአያ ዳለቻ ጫንቃ ያልወረደ ነው።

እመት አህያ ማለዳ ወንዝ ትወርዳለች። ሁለት ቅል ውሃ ጭና ዳገቱን ትወጣለች። ሣር ፍለጋ ትሄዳለች፣ ያገኘችውን ተሸክማ ትመለሳለች። ይደክማታል፣ ትሄዳለች። ይደክማታል፣ ትሄዳለች። እናንተ ታውቁት የለም እንዴ? ማንም «አይዞሽ» የማይላችሁ ድካም።

አንድ ቀን ከሣር ፍለጋ ስትመለስ አያ ዳለቻ ያኝካል። ፊቱ ሣር የለም፣ ገለባ የለም፤ እሱ ግን ምንዥክ ምንዥክ ያደርጋል። እስከዚያ በጋ ቀን ቀን እሱ እርሻ፣ እሷ ጭነት ላይ ነበሩ፤ በረት ውስጥ እንዴት እንደሚውል አይታው አታውቅም።

«ኧረ በስማም! አያ ዳለቻ፣ ባዶ አፍዎን ምን ያኝካሉ? አእምሮዎ ሄደ እንዴ? ይዋጡት!»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለ አያ ዳለቻ።

«ይዋጡት አልኩ!»

ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ ጉርሻው ተመልሶ ወደ አፉ መጣ። ምንዥክ ማለት ሲጀምር «ይዋጡት!» አለችው፤ እንዳይከፋት ብሎ እንደገና ዋጠው።

ቀንበሩ ከግድግዳው ላይ «ተይው፣ በሬ እንዲህ ነው» አላት።

«አንተ እንጨት! ማን ጠየቀህ?» አለችው።

በማግስቱ ከወንዝ ስትመለስ አያ ዳለቻ እግሮቹን አጥፎ ተጋድሟል። እሷ እድሜዋን ቆማ የምታሸልብ ናት፤ ተጋድሞ የሚውል ያየችው እናቷ የሞተች ዕለት ብቻ ነው።

«ይነሱ! እንዲህ ከተኙማ አይነሱም! ይነሱ!» እያለች በግንባሯ ገፋችው። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። ሊጋደም ሲል ገፋችው። ደግሞ ሊጋደም ሲል ደግሞ ገፋችው።

ቀንበሩ «ተይው፣ በሬ እንዲህ ነው» አላት።

«አንተ እንጨት! ማን ጠየቀህ? እኔ እዚህ ወገቤ እስኪቆረጥ እለፋለሁ፣ አንተ ተንጠልጥለህ ታወራለህ!»

ስንዱ፣ አትሳቂ። እኔ ነርስ ሆኜ የገዛ አባቴን «አባባ ይነሱ፣ ቀን መተኛት ጥሩ አይደለም» እያልኩ ስንት ከሰዓት አስጨንቄያቸዋለሁ። ምሳ በልተው ማሸለብ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የኖሩበት ነበር። እናቴን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን እመት አህያ በረቱን ልትጠርግ ገባች። እናንተ ሰልጣኞች ናችሁ፣ በዚህ አታፍሩም መቼም። የእሷ ፋንድያ ደረቅ ነው፣ ክብ ክብ ነው። የአያ ዳለቻ እበት ግን እንደ ሁልጊዜው እርጥብ፣ መሬት ላይ የተንጣለለ ነው።

«ተቅማጥ ይዟቸዋል! ውሃው ነው!» ብላ ጮኸች። ቅሉን አነሳች፣ እርጥብ ሣሩንም አነሳች። ደረቅ ገለባ ብቻ አስቀረችለት።

ቀንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተይ! ተይው፣ በሬ እንዲህ ነው!» አላት።

«አንተ እንጨት! ማን ጠየቀህ?»

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እመት አህያ ከገለባ ፍለጋ ስትመለስ በረቱ ጭጭ ብሏል። አያ ዳለቻ ቆሟል፣ አንገቱን አቀርቅሯል። ምንዥክ የለ፣ መጋደም የለ። ከኋላው የወደቀው ጥቂት፣ ደረቅና ክብ ክብ ነው።

«ተመስገን!» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተመስገን፣ ዳኑልኝ! አሁን እኔም ልረፍ።»

«አንቺ አህያ!» ብሎ ቀንበሩ ግድግዳውን አንኳኳ። «መፍራት ያለብሽ ዛሬ ነው!»

«ምን አድርጌ ነው የምፈራው? ማኘኩን ትተዋል፣ ቆመዋል፣ ሆዳቸውም ጠንቷል። ይኸው ልክ እንደ እኔ ሆኑ!»

«እንደ አንቺ ስለሆነ እኮ ነው የሚሞተው!»

እመት አህያ ወደ ቀንበሩ ዞረች።

«እሱ አህያ አይደለም» አላት ቀንበሩ። «በሬ የበላውን መጀመሪያ ሆዱ ውስጥ ያከማቻል። ከዚያ ይጋደምና ወደ አፉ እየመለሰ ያመሰኳል። ጤነኛ በሬ ያመሰኳል፣ ጤነኛ በሬ ይጋደማል፣ የጤነኛ በሬ እበት እርጥብ ነው። አፍንጫውም እርጥብ ነው። ሂጂ፣ አፍንጫውን ንኪ።»

ሄዳ ነካችው። እንደ ጠፍር ደርቋል።

«ግን እኮ ድሮ ይህን ያህል ሰዓት አያኝኩም ነበር» አለች።

«ጥርሱ ስላለቀ ከድሮው አስረዝሞ ያኝካል። ጉልበቱ ስላለቀ ለመነሳት ይዘገያል። ይኼ እርጅና ነው፤ አታድኚውም፣ እሱም አይገድለውም። ማመስኳት ማቆም ግን እርጅና አይደለም፣ ሕመም ነው። አሥራ አራት ዓመት ጫንቃው ላይ ስኖር አንድ ቀን ማመስኳት ትቶ ነበር፤ ያን ዕለት ልናጣው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ።»

እመት አህያ አለቀሰች። «ደክሞኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አላት ቀንበሩ። ቁጣው በርዶለታል።

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «እርስዎስ አያ ዳለቻ፣ እርስዎ ምነው ዝም አሉኝ?»

አያ ዳለቻ በደረቀ አፉ «ደክሞሽ አየሁ፣ ልጄ። ማስቸገር ጠላሁ» አላት።

አቅም የላትም፤ ግን ወንዝ ወረደች። ሁለት ቅል አመጣች። ቀንበሩ «ጥቂት ጥቂት ብቻ» አላት፣ ጥቂት ጥቂት አጠጣችው። ደግማ ወረደች። ከወንዙ ዳር የቀረችውን እርጥብ ሣር ይዛ ወጣች፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። ለሦስተኛ ጊዜ ወረደች፤ ስትመለስ ኮቴዋ ተሰንጥቆ እያነከሰች ነበር። ከዚያ «ይጋደሙ፣ አያ ዳለቻ። እንዳሻዎ ይጋደሙ» አለችው።

ተጋደመ። አጠገቡ ሆና ጠበቀች። ምንም የለም። ጠበቀች። ምንም የለም። «ገደልኳቸው» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ጊዜ ከአያ ዳለቻ አንገት ሥር አንድ ነገር ሽቅብ ወጣ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ምንዥክ። ቆየና ደግሞ ምንዥክ ምንዥክ።

እመት አህያ ያን የጠላችውን ድምፅ ጆሮዋን አቁማ ሰማችው። ደስ አላት፣ እንዴት ደስ አላት! እየሰማችው ጆሮዋ ወደቀ፣ ዓይኗ ተከደነ፣ አንድ የኋላ እግሯን አሳረፈች፣ በቆመችበት እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

አያ ዳለቻ ቀና ብሎ ቢያያት ደነገጠ።

«ቀንበር! ኧረ ልጄ ምን ሆነችብኝ? ዓይኗ ተከድኗል፣ ግን አልተጋደመችም! በእኔ ምክንያት ነው፣ ልፋቱ ጎዳት። ልነሳና ልግፋት፣ ትጋደም!»

ጉልበቱን አጥፎ ሊነሳ ሲታገል ቀንበሩ በቀስታ «ተዋት» አለው። «አህያ እንዲህ ናት።»

አያ ዳለቻ ቀንበሩን አየው፣ አህያዋን አየ፣ ተመልሶ ተጋደመ። እሱ እያመሰኳ፣ እሷ ቆማ እያሸለበች፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ዝናቡ ጥሎ ከብቶቹ ሲመለሱም ሁለቱን እንዲሁ አገኟቸው።

ይኸው ነው። የምትጦሩት ሰው ሲታመም ማወቅ የምትሹ፣ ደህና ሲሆን ምን እንደሚመስል አስቀድማችሁ እወቁ፤ በራሳችሁ አካል አትለኩት። ከእሱ ጋር የኖረ ካለም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨት ቢሆን እንኳ ጠይቁት። ስንዱ፣ አንቺም ነገ ሄደሽ የሽማግሌሽን ሚስት «ድሮስ ቀን ይተኙ ነበር?» በያቸው።

ተረቴ ደርሳለች፣ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። እኔ እዚሁ ወንበሬ ላይ ትንሽ ላሸልብ ነው። ደህና ነኝ፣ እንዳትቀሰቅሱኝ።