ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ወገኖቼ፣ አንድ የዕድር ዳኛ ነበሩ። ደግ ሰው። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው ደርሰው ድንኳን የሚያስተክሉ፣ ወንበር የሚያስደረድሩ። በሰፈራቸው መሀል አዲስ አስፋልት ወጥቶ ነበር። አስፋልቱ ሰፊ፣ መኪናው ፈጣን፤ የእግረኛ መሻገሪያ ግን የለውም።

የዕድሩ ድንኳን ስላረጀ አባላቱ ለአዲስ ድንኳን አዋጡ። ይሄኔ ዝናሽ የምትባል ጎረቤታቸው መጣች።

«ጋሼ፣ ማዘጋጃ ቤቱ መሻገሪያና የፍጥነት መቀነሻ ሊሠራልን ፕላን አውጥቷል። ግማሹን ሰፈሩ ያዋጣ ብሏል። የድንኳኑን ገንዘብ ብንሰጠውስ? ልጄ ጠዋትና ማታ ያንን አስፋልት ትሻገራለች። እስክትመለስ እህል አይወርድልኝም።»

«ዝናሽ፣ ዕድር የቆመው ለቀብር ነው። የመንገዱን መንግሥት ይወቅበት» አሏት።

ክፉ ሰው ናቸው? አይደሉም። እኛም ብንሆን ይህንኑ ነበር የምንለው።

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የዕድሩ ስብሰባ ሳይጀመር፣ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሕልማቸው ድንኳኑ እንደ ልማዳችን መሀል አስፋልት ላይ ተተክሏል። መኪናው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ዞሮ ያልፋል። አንድ ሾፌር ኮፍያውን አወለቀ። ልጆች መንገዱ ላይ ገመድ ይዘላሉ፤ አሮጊቶች እያወሩ፣ እየቆሙ፣ እንደገና እያወሩ ይሻገራሉ። ብርሃኑ የማለዳ ይመስላል። ዳኛው ደስ አላቸው፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ኋላ ግን ድንኳን ካለ ሞት አለ ብለው ደነገጡ። ገቡ። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። ዝናሽ ብቻ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ግን ለሐዘን አላዘቀዘቀችውም።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ገና ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። መኪናው ቀስ እንዲል የግድ ሰው መሞት አለበት እንዴ?»

ነቁ። ስብሰባው ላይ ቆመው ብዙ አልተናገሩም። «አሮጌውን ድንኳን እንጣፈው። ገንዘቡ ለመሻገሪያው ይሁን። የዝናሽን ልጅ ከምንቀብራት ብናሻግራት ይሻላል» አሉ። ጥቂቶች አጉረመረሙ። የሚበዛው ሰው ግን እጁን አወጣ።

ወገኖቼ፣ ለቅሶ ለመድረስ ማን ይቀድመናል? ማንም። ታዲያ እጃችን የሚፈታው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ለምንድን ነው? ስለ መንገዳችሁ ኑና እንምከር ስንባል ስንቶቻችን ሄድን? ስንቶቻችንስ አዋጣን? ጌታ ባልንጀራህን ውደድ ሲል ሬሳውን ማለቱ ነው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደጁ ላይ ትንሽ ቁሙ። ማን እየተሻገረ እንደሆነ እዩ። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ። ያ ሰው በሕይወት አለ። ለእሱ አዋጡለት።