‹ይቆይ› ማለት ያቃተው ወረቀት

ስሙኝ ወገኖቼ፤ ሰሚ ጆሮ ከእግዜር ነው። በአንዲት ወንዝ ዳር ከተማ ዘውድነሽ የምትባል ባልቴት መሰል ሴት ነበረች። ባልቴት ግን አይደለችም። ባሏ ጋሽ ቦጋለ ወገቡን ታሞ ጓዳ ተኝቷል። ካልጋው ይነሣ ቢባል ነፍሱ እንደምትወጣ ሐኪም ተናግሯል።

አንድ ቀን ጠዋት በሯ ላይ ዶዘር መጥቶ ቆመ። መንገድ ሊወጣ ነው። እርግጥ መሐንዲሱ መንገዱን ከቤቷ አዙሮታል፤ ቤቷም ተርፏል። የጎደለችው አንዲት ቃል ናት። በፕላኑ ላይ፣ ከቤቷ ሥዕል መሃል፣ ‹ይቆይ› የምትል ቃል።

«እማማ፣ ይዩት እስቲ» አለ ሹፌሩ በላቸው ወረቀቱን ዘርግቶ። «ቤትዎ ላይ ምን ይላል? ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ባዶ ሳጥን ሦስት! እኔ የምሄደው በወረቀት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጠብቅዎ። ከዚያ ወዲያ ይማሩኝ።»

ዶዘሩ ጉርርር አለ። ዘውድነሽ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወረቀት ሆይ፣ ስለ እመቤቴ ‹ይቆይ› በል!»

«አልልም» አለ ወረቀት። «በእስክሪብቶም እንዳትነኪኝ፤ ስርዝ ድልዝ ካለብኝ ማኅተም ይሸሸኛል። የፕላን መሥሪያው ፕሮግራም ሲጽፍልኝ ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

ፕሮግራም ካልጻፈ ወረቀት አይናገርም፤ ወረቀት ካልተናገረ ዶዘር አይመለስም፤ ዶዘር ካልተመለሰ ወዮ ለቤቷ!

ነጠላዋን እየጎተተች ማዘጋጃ ቤት ሮጠች። ፕላን ነዳፊዋ ምንታምር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

«ፕሮግራም ሆይ፣ ጻፍ!»

«በምን ልጻፍ?» አለ ፕሮግራም። «አዲስ ኮምፒውተር ላይ አመጡኝ፤ ያማርኛው ፎንት ግን አሮጌው ላይ ቀረ። የፊደሉን መልክ ካላሳዩኝ ሳጥን እደረድራለሁ።»

ፎንቱስ? ፎንቱ በምንታምር ፍላሽ ውስጥ ነው።

«ፎንት ሆይ፣ ግባ!»

«በሩ ተዘግቶብኝ!» አለ ፎንት። «ኮምፒውተሩ ‹ፓስወርድ› ይለኛል።»

«ፓስወርዱን የሚያውቀው የኮምፒውተር ባለሙያችን አየልኝ ብቻ ነው እማማ» አለች ምንታምር። «እሱ ደግሞ ዛሬ ለቅሶ ቤት ነው። ደወልኩለት። ‹በስልክ አልናገርም፣ ፈርሜበታለሁ› አለኝ። ደረቅ ነው።»

አየልኝ ካልመጣ ፓስወርድ አይገባም፤ ፓስወርድ ካልገባ ፎንት አይጫንም፤ ፎንት ካልተጫነ ፕሮግራም አይጽፍም፤ ፕሮግራም ካልጻፈ ወረቀት አይናገርም፤ ወረቀት ካልተናገረ ዶዘር አይመለስም፤ ዶዘር ካልተመለሰ ወዮ ለቤቷ!

ለቅሶ ቤት ደረሰች። ሰባት ሰዓት አልፏል። አየልኝ የድንኳን ሸራ ታቅፎ ቆሟል።

«አየልኝ ልጄ፣ ድረስልኝ!»

«እንዴት ብዬ እትዬ? ድንኳን መትከል ተራዬ ነው። ሳይቆም ብሄድ እድሩ ይሰርዘኛል።»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ሰማ። «አንቺ ዘውዴ፣ ሬሳው እቤት ተጋድሞ ለቀስተኛ ፀሐይ ይምታው ነው የምትይው? ይቁምና ይሂድ።»

«ድንኳን ሆይ፣ ቁም!»

«በምን እግሬ?» አለ ድንኳን። «መሃል ምሰሶዬ ተሰብሯል።»

ምሰሶ ከሌለ ድንኳን አይቆምም፤ ድንኳን ካልቆመ አየልኝ አይመጣም፤ አየልኝ ካልመጣ ፓስወርድ አይገባም፤ ፓስወርድ ካልገባ ፎንት አይጫንም፤ ፎንት ካልተጫነ ፕሮግራም አይጽፍም፤ ፕሮግራም ካልጻፈ ወረቀት አይናገርም፤ ወረቀት ካልተናገረ ዶዘር አይመለስም፤ ዶዘር ካልተመለሰ ወዮ ለቤቷ!

አቤቱ፣ ምሰሶ ከወዴት ይምጣ? ጎረቤቱ ሁሉ ፈርሶ አልቋል፤ እንጨቱም ተጭኖ ሄዷል። ዘውድነሽ እያማተበች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀና ስትል የበረንዳዋን ቋሚ አየች። ቀጥ ያለ፣ የባሕር ዛፍ፣ ጋሽ ቦጋለ በጤናው የተከለው።

«በላቸው ልጄ፣ ይህን ንቀልልኝ።»

«እማማ፣ ፍርሃት አናትዎ ላይ ወጣ?»

«ለመንቀል አይደል የመጣኸው? ንቀል!»

በላቸው ድጅኖውን አነሣ። ቋሚው ሲወጣ ቆርቆሮው ጓ! ብሎ ዘመመ።

«ጀመረ እንዴ?» አለ ጋሽ ቦጋለ ከጓዳ። «ዘውዴ፣ ጀመረ?»

«አልጀመረም። እኔ ነኝ። አንተ ጸልይ።»

ቋሚውን ተሸክማ በረረች። ምሰሶ ተገኘ፣ ድንኳን ቆመ፤ ድንኳን ቆመ፣ አየልኝ መጣ፤ አየልኝ መጣ፣ ፓስወርድ ገባ፤ ፓስወርድ ገባ፣ ፎንት ተጫነ፤ ፎንት ተጫነ፣ ፕሮግራም...

ሳጥን! አሁንም ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን!

ዘውድነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ይላል። «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች።

«ኧረ ይነሡ እማማ!» አለች ምንታምር። «ፕሮግራሙ ፎንት ሲጫን ተከፍቶ ነበር። ተዘግቶ ካልተከፈተ አዲሱን አያይም።»

ዘጋችው። ከፈተችው። ፎንቱን መረጠችለት። ሳጥኖቹም አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ።

ፕሮግራም ጻፈ፣ ወረቀት ተናገረ፣ ማኅተም አረፈበት። ዘውድነሽ ወረቀቱን በደረቷ አቅፋ፣ ባዶ እግሯን ሮጠች። ጫማዋ የት እንደቀረ እግዜር ይወቅ። ዶዘሩ አካፋውን አንሥቷል።

«ይኸው! ይኸው!»

በላቸው ሞተሩን አጥፍቶ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ። «ይቆይ» አለ። ከዚያ የዘመመውን በረንዳ አየና ሣቀ። «ግን እማማ፣ ግማሹን እርስዎ ራስዎ አፍርሰው ጠበቁኝ!»

ወረቀት ተናገረ፣ ዶዘር ተመለሰ።

ዘውድነሽ ጓዳ ገባች። ጋሽ ቦጋለ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

«ምን ይላል?» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ይቆይ ይላል።»

«ቤቱ ነው ወይስ እኔ?»

«ሁለታችሁም» አለችውና አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ አሜን በሉ፤ ቤታችሁንም ያቆይላችሁ።