የይታገሱ ፓራፋንጎና የእማማ አትጠገብ በርበሬ

ተረት ልነግራችሁ ነውና በረቱን ዝጉ፣ ጆሯችሁን ክፈቱ። ሳትቆጡ ስሙኝ፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ነው የምነግራችሁ፤ ይህ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ይታገሱ የሚባል ሰው ነበር። ስም ያወጡለት ሰዎች ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሻይ ካቃጠለው ሻዩን ይሳደባል፣ በር ከተጣበቀበት በሩን ይሳደባል። ይህ ሰው አንዲት አሮጌ ጂፕ አለችው። ጣሪያ የላትም፣ ዳገት ግን አታከብርም። ለዚች ጂፕ ሰፋፊ ጎማ አስመጥቶ ገጠመላት። ጎማው ከቦዲው አልፎ ወጣ፣ የድሮው ፓራፋንጎ ጠበበው፣ ነቅሎ ጣለው። ከጎማው በላይ ሆኖ ጭቃ የሚመልሰውን አዲሱን ሰፊ ፓራፋንጎ ገዝቶ ጋራዥ አስቀምጧል፤ ማስገጠሙን ግን አቆየው። ለምን? ጎማው መጀመሪያ በሰው ይታይለታ! ዝናብ ባባራበት ጠዋት፣ ከተማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ክላክሱን እያስጮኸ ከላይ እስከ ታች ዞረባት። ወደ ኋላው አንዴም አልተመለከተም። ይህችን ያዙልኝ።

ያ ቀን ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም። ይታገሱ ከወንዙ ማዶ ያለችውን ውዳላትን ይወዳል፣ እሷም ትወደዋለች። አባቷ አቶ አዳሙ ግን ሽማግሌ በተላከ ቁጥር «እናስብበት» እያሉ ሲያመላልሱ ከርመው፣ «ቁርጡን ዛሬ እናገራለሁ፤ ዛሬ ካልመጣችሁ ለሌላው ጠያቂ ለባለሱቁ ሽማግሌዎች ቃል እሰጣለሁ» ብለዋል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጥበው፣ ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። ዋናው ሽማግሌ ባሻ ደምሰው ጂፒቱን ዞር ዞር ብለው አዩአት። ጭቃ ከጎማዋ እስከ መቀመጫዋ ተለጥፏል።

«ልጄ፣ በዚች ነው የምንሄደው?» አሉ።

«አዎ፣ ባሻ።»

«ለሽምግልና የሄደ ሰው ደጅ ላይ ይቆማል። ቆሞ ይታያል። በጭቃ ተለውሰን ብንቆም አቶ አዳሙ ከየት ጉድጓድ ወጡ አይልም? በእግር እንዳንሄድ ጉልበት የለንም። ይሄን ጭቃ መመለሻውን አስገጥም፤ ያኔ እንሳፈራለን።»

ልክ ናቸው። ይታገሱም የፈለገው ይህችኑ ነው፤ ፓራፋንጎው ይገጠምለት፣ ሌላ ምንም። ጂፒቱን ይዞ ወደ ጋራዥ ከነፈ።

አሁን ስለዚያ ከተማ ልንገራችሁ፣ የሚያበግነኝም ይሄው ነው። እዚያ ከተማ «አይሆንም» የሚል ሰው የለም። ሁሉም «እሺ» ይላል። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ እገሌ።» ይህችን «እሺ፣ ግን» የሚሏትን ነገር ያመጣውን ሰው ባገኘው!

የመኪና ቦዲ የሚሠራው ባቲላሜራ ጋሽ በልሁ ጂፒቱን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቿን ፈትቶ በድንጋይ ላይ አቆማት። ፓራፋንጎውን አንስቶ ለካው፣ ከዚያ መሬት አስቀመጠው።

«እሺ፣ እገጥማለሁ። ግን መጀመሪያ ሰይድ መያዣውን ይበይድ። መያዣ የሌለውን ምን ላይ ልሰር?»

ይታገሱ ወደ በያጁ ሮጠ። «ሰይድ! በይድ! አንተ ካልበየድክ በልሁ አይገጥምም፤ በልሁ ካልገጠመ ሽማግሌ አይሳፈርም፤ ሽማግሌ ካልተሳፈረ ውዳላትን ሌላ ይወስዳታል!»

ሰይድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሻይ ይጠጣል። «እሺ፣ እበይዳለሁ። አትጩህብኝ እንጂ። መብራት ጠፍቷል፣ አታይም? መጀመሪያ ዘርፌ ጄኔሬተሩን ታስነሳ።»

ይታገሱ ወደ ዘርፌ ሮጠ። ዘርፌ የጋራዡ ሰፈር ሁሉ የሚለማመጣት የጄኔሬተር ባለቤት ናት። «እት ዘርፌ! አስነሺው! ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሰይድ አይበይድም፤ ሰይድ ካልበየደ በልሁ አይገጥምም፤ በልሁ ካልገጠመ ሽማግሌ አይሳፈርም፤ ሽማግሌ ካልተሳፈረ ውዳላትን ሌላ ይወስዳታል!»

«እሺ፣ ወንድሜ» አለች ዘርፌ፣ «ግን በምን ላስነሳው? በምራቄ? ናፍጣ አልቋል። የአንተ መኪና እንደሆነች ቤንዚን ነው የምትጠጣው። ምትኩ በርሜሉን በጋሪ ጭኖ እየመጣ ነው ብለውኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እየመጣ ነው። እሱን አምጣልኝ።»

ይታገሱ በጭቃው ውስጥ ወረደ። የሽምግልናው ቀን ነው ብሎ የለበሰው ሱፍ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ምትኩን መንገድ ላይ አገኘው። በርሜሉ ጋሪው ላይ፣ ጋሪው መንገዱ መሃል፣ ምትኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ምን ይጎልትሃል? ንዳው! ናፍጣው ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሰይድ አይበይድም፤ ሰይድ ካልበየደ በልሁ አይገጥምም፤ በልሁ ካልገጠመ ሽማግሌ አይሳፈርም፤ ሽማግሌ ካልተሳፈረ ውዳላትን ሌላ ይወስዳታል!»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሱ ንገረው» አለና ምትኩ ፈረሱን አሳየው። ፈረሱ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ካልበላ አይሄድም። እኔም ብሆን አልሄድም። ፉርሽካ ከፈንታዬ መጋዘን አምጣለት፣ ያኔ ይጎትታል።»

ከበርሜሉ በጀሪካን ቀድቶ ለዘርፌ ማድረስ ይቻል ነበር። ለተናደደ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ አይመጣለትም። ይታገሱ ፈረሱን ተሳደበ፣ ጋሪውን ተሳደበ፣ ከዚያ ወደ ፈንታዬ ሮጠ።

ፈንታዬ በተዘጋ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ጣራውን ያያል። «ክፈት!» አለው ይታገሱ ከሩቁ። «ፉርሽካ አውጣ! ፈረሱ ካልበላ ናፍጣው አይመጣም፤ ናፍጣው ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሰይድ አይበይድም፤ ሰይድ ካልበየደ በልሁ አይገጥምም፤ በልሁ ካልገጠመ ሽማግሌ አይሳፈርም፤ ሽማግሌ ካልተሳፈረ ውዳላትን ሌላ ይወስዳታል!»

«እሺ፣ ግን ቁልፉ እናቴ መቀነት ላይ ነው» አለ ፈንታዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ደግሞ ተቆጥታ ምላለች። እኔ የእናቴን መሐላ አላፈርስም። ወንድ ከሆንክ አንተው ጠይቃት፤ መንገዱ ዳር ናት።»

ወንድ ከሆንክ ተብሎ ይታገሱ ዝም ይላል? በግንባሩ ሄደ። እማማ አትጠገብ መንገዱ ዳር፣ በሰፊ ሰሌን ላይ ከተዘረጋ በርበሬ አጠገብ፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ይታገሱ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አላለም። ትንፋሽ እያጠረው አንድ በአንድ ዘረገፈው።

«እማማ! ቁልፉን ይስጡ! ቁልፉ ካልተሰጠ መጋዘኑ አይከፈትም፤ መጋዘኑ ካልተከፈተ ፈረሱ አይበላም፤ ፈረሱ ካልበላ ናፍጣው አይመጣም፤ ናፍጣው ካልመጣ ጄኔሬተሩ አይነሳም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሳ ሰይድ አይበይድም፤ ሰይድ ካልበየደ በልሁ አይገጥምም፤ በልሁ ካልገጠመ ሽማግሌ አይሳፈርም፤ ሽማግሌ ካልተሳፈረ ውዳላትን ሌላ ይወስዳታል! ይህ ሁሉ ሰው የቆመው በእርስዎ ነው! ምን ዓይነት ክፋት ነው?»

እማማ አትጠገብ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ በዱላቸው ጫፍ ሰሌኑን ነካ አደረጉ።

«ጨረስክ? አሁን የኔን ስማ። ጠዋት ፀሐይ ወጣችልኝ ብዬ የዓመት በርበሬዬን ዘረጋሁ። ገና ወገቤን ሳላቀና አንድ መኪና እየጮኸ መጣ። መኪናው ጎማ አለው፣ ጎማው ፓራፋንጎ የለውም። ጎማው ጭቃውን አነሳ፣ ጭቃው በርበሬዬ ላይ ወረደ። የዓመት ወጤ ላይ! ጮህኩ፤ ባለመኪናው ዞርም አላለ። ይሄን ያደረገ ሰው መጥቶ በገዛ እጁ እስኪጠርግልኝ ድረስ ከዚህ አልነሳም፣ ቁልፌንም አልፈታም ብዬ ማልኩ። እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ከተማ ያንን የሚያህል ጎማ ያለው ማን ነው?»

ይታገሱ በርበሬውን አየው። ቀዩ ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ሲቆጣ የዋለ ሰው የሚቆጣበት ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሳዝናል። እኔ ግን አላዘንኩለትም።

«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ውኃ አምጥቼ ልጠብልዎ።»

«አጥበህ ልታሻግትብኝ ነው? በርበሬ አይታጠብም!» ብለው እርጥብ ጨርቅ ወረወሩለት። «ይጠረጋል። አንድ በአንድ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። በሱፉ፣ በከረባቱ፣ መሬት ላይ። አንዱን አንስቶ ይጠርጋል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ያስነጥሰዋል። እማማ ከላይ ሆነው «ይቺ አልጠዳችም፣ ድገማት» ይሉታል። የቀረባቸውን ሰው ፍለጋ የወጡት ሽማግሌዎች እንዲህ ተቀምጦ አገኙት። ባሻ ደምሰው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው አዩት።

የመጨረሻዋ በርበሬ ስትጠረግ እማማ አትጠገብ ጎንበስ ብለው ሰሌኑን መረመሩ። ከዚያ ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈቱ።

ቁልፉ ሲፈታ መጋዘኑ ተከፈተ፤ መጋዘኑ ሲከፈት ፈረሱ በላ፤ ፈረሱ ሲበላ ጋሪው ተጎተተ፤ ጋሪው ሲጎተት ናፍጣው መጣ፤ ናፍጣው ሲመጣ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰይድ በየደ፤ ሰይድ ሲበይድ በልሁ ገጠመ። ብሎን ገባ፣ ሮንዴላ ገባ፣ ዳዶው ጠበቀ። ጎማዎቹ ቦታቸው ተመለሱ፤ ፓራፋንጎው ከላያቸው ደፋ ብሎ ተቀመጠ። በልሁ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሂድ» አለው። ሽማግሌዎቹም ተሳፈሩ።

በእማማ አትጠገብ ደጃፍ ሲያልፉ ይታገሱ ፍሬን ይዞ ቀስ አለ። ጎማው ጭቃውን አነሳ፣ ጭቃው ከፓራፋንጎው ሆድ ጋር ተላተመና እዚያው መንገዱ ላይ ወደቀ። እማማ ዱላቸውን ይዘው ቆመው በርበሬያቸውን አዩ። አንዲት ጠብታ የለም። «አሁን እለፍ!» አሉት፣ እንደተቆጡ።

ከወንዙ ማዶ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ሆነው አቶ አዳሙ ደጅ ቆሙ። ይታገሱ እንደ ወጉ ራቅ ብሎ ከጂፒቱ አጠገብ ቀረ። አቶ አዳሙ ካስቀመጧቸው በኋላ ፊት ለፊት ጠየቁ።

«ልጁ ቁጡ ነው ይሉኛል። ልጄን ለሚጮህባት ሰው ልስጥ?»

ባሻ ደምሰው አልዋሹም። «ቁጡ ነው። ዛሬም ከተማውን ሲያምስ ውሏል። ግን ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ሲነግሩት መሬት ተቀምጦ አንድ በአንድ ሲጠርግ አይተነዋል። ያላየነውን አንመሰክርም።»

አቶ አዳሙም «ሰጥቻለሁ» አሉ።

ወሬውን አንደኛው ሽማግሌ ሮጥ ብለው ለይታገሱ ነገሩት። ይታገሱ ማመን አቃተው። በሁለት እጁ፣ ያን ሁሉ በርበሬ በጠረገበት እጁ፣ ዓይኖቹን አሸት አደረገ። ወዮ! ያ እንባ! ጉንጩን አልፎ ከረባቱን አራሰው። ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ የወጡት አቶ አዳሙ አዩት። ከአጥሩ በስተጀርባ የቆመችው ውዳላትም አየችው።

«ቁጡ ያላችሁኝ ይሄን ነው?» አሉ አቶ አዳሙ፣ የገዛ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እንባው እንዲህ ቅርብ የሆነ ሰው ቁጡ ይባላል? አይዞህ፣ ልጄ!»

ይታገሱ በውስጡ በርበሬውን እየተሳደበ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ ቆመ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ ስታብሱልኝ ግን እጃችሁን ታጥባችሁ ኑ።