ባቄላ የተዘራባት መንገድ

ሽማግሌ ሲመክር የሚለው፣ እናትም ልጇን ስትቆጣ የምትለው አንድ አባባል አለ። ከበስተጀርባው የባቄላ ማሳ እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ይርዳው የሚባል ገበሬ ነበር። ከደጃፉ ተነስታ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የምትወስድ ቀጭን መንገድ ነበረችው፤ አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ደጅ ሊስም ሲመላለስ በእግሩ ያወጣት ናት። ይርዳውም እንደ አባቱ ጀመረ። ኋላ ሥራ በዛበትና ከማሳው ዳር ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ መሳለም ያዘ። ከዚያማ በሬዎቹን ሳያቆም አንገቱን ሰበር ማድረግ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ፣ «ማንም የማይሄድበት መሬት ለምን ጦሙን ያድራል?» አለና አምና መንገዷን አርሶ ባቄላ ዘራባት።

የንስሐ አባቱ ቄስ አድማሱ ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ምነው ደጁን ረሳኸው?» ቢሉት ሳቀ።

«አባ፣ ሚካኤል እንደሆነ ከሩቅም ያየኛል።»

«እሱስ ያይሃል» አሉ ቄሱ። «እኔ የምፈራው ደጁ አንተን እንዳይጠፋህ ነው።»

ይርዳው ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ባቄላው ደግሞ አለቅጥ አምሮ ነበር፤ ዘንድሮም ደገመው።

በነሐሴ ሚስቱ ስንዱ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ስምንት ዓመት ጠብቀው ያገኟት የመጀመሪያ ልጃቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ ግን ሕፃኗ ጡት አልይዝም አለች። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ትንፋሿም ይቆራረጥ ጀመር። ባልና ሚስት ተያዩ፤ የሁለቱም ፍርሃት አንድ ነበር፤ ሳትጠመቅ ብትሞትስ?

«ሩጥ!» አለች ስንዱ። «ቄስ አድማሱ ኪዳን ላይ ናቸው። በቁልቋሉ ሥር አድርገህ...»

ይርዳው የቀረውን አልሰማም። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልሎ እመር ብሎ ወጣ። ጉሙ ምድሩን ውጦታል። ዋናው መንገድ በወንዙ በኩል ነው፤ ወንዙ ደግሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ማሳውን ሰንጥቆ ሊያልፍ ገባ። ጥቁሩ ጭቃ እግሩን እስከ ባቱ እየዋጠ አልለቅም አለው፤ ባቄላው ጉልበቱ ላይ ይጠላለፍበታል። የአባቱን መንገድ በእግሩ ዳሰሰ። ከየት ትምጣ? ራሱ አርሷት የለ! ደወል ተደወለ። ከቀኝ የመጣ መሰለውና ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ሲደገም ከኋላው የመጣ መሰለው። ቆሞ ጆሮውን በሕፃኗ አፍ ላይ ደቀነ። ትንፋሿ አለች፤ ደግሞ የለችም፤ ደግሞ አለች። «ሚካኤል፣ ወዴት ነህ?» ብሎ ጮኸ፤ ጭንቀቱ ሊያፈነዳው ደረሰ። ድንገት ከጉሙ ውስጥ ጣሪያ ብቅ ሲል «ተመስገን!» ብሎ ሮጠ። ቢደርስ የገዛ ቤቱ ነው።

ስንዱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተጠመቀች?»

«መንገዱ ጠፋኝ» አለ እያለቀሰ። «በገዛ ማሳዬ መንገዱ ጠፋኝ፣ ስንዱዬ!»

አራስ ከቤት አትወጣም የሚለውን ወግ ማን ያስታውስ። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ፊት ፊት መራች። በቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ማረሻው ባልደረሰበት ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግር ብቻ የምታስኬድ ዱካ ነበረች። መንገዷ ከታረሰች ጀምሮ ስንዱ ከነእርግዝናዋ በየማለዳው ስትመላለስ ያወጣቻት ናት፤ ባሏ አንድም ቀን ልብ ብሏት አያውቅም። ጉሙ ለስንዱም ያው ጉም ነበር፤ እግሯ ግን አልተጠራጠረም። ይርዳው ሕፃኗን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ተከተላት።

ከቅጥሩ በር ስትደርስ ቆመች፤ አራስ ናትና አትገባም።

«በል ግባ፣ ምን ትጠብቃለህ!»

ገባ። ግቢውን የሚጠርጉት አሮጊት፣ እማማ ተዋበች፣ ነገሩን ሲያዩ መጥረጊያቸውን ጥለው የክርስትና እናት ሆኑ። ቄስ አድማሱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ውኃውን ባረኩ። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ዝም አለች። ይርዳው ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ከኋላው ጩኸት ተሰማ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ የሕፃኗ ጩኸት። ውጭ ያለችው እናቷ እዚያው በሩ ላይ እልል አለች።

እማማ ተዋበች ሕፃኗን አቅፈው ወጡና ለእናቷ አስታቀፏት። ሕፃኗም ጡት ያዘች። አሮጊቷ የስንዱን እግር አዩ፤ ጭቃው ከቁርጭምጭሚቷ አላለፈም። የይርዳውን አዩ፤ እስከ ወገቡ ተለውሷል።

«አንተስ በየት ዞረህ መጣህ?»

«መንገዱን አርሼው ነበር፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አሮጊቷ መጥረጊያቸውን አነሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬስ ሚስትህ ነበረችልህ። ስማኝ ልጄ፤ በደግ ቀን ያልረገጡት መንገድ በክፉ ቀን ይጠፋል።»